«ምንጭ የለም» ስለሚሉ የጋዜጣ ታሪክ ተመራማሪዎች



ባለፈው ዓመት ክረምት ሳይገባ አንድ የዘመድ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ወደ ቤቴ መጣና «የኔታ፤ አማርኛውን ይዩልኝ» አለኝ። ልጁ በአንድ ዩኒቨርስቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት የሚማር፤ ጠባዩ መልካም፤ ለማወቅም የሚተጋ ነው። ጽሑፉ ስለ አማርኛ ጋዜጣ አጀማመር የሚናገር ነበር። እኔም መነጽሬን አድርጌ ከአርእስቱ እስከ መጨረሻው አነበብሁት። አማርኛው እምብዛም የሚነቀፍ አልነበረም፤ ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ ለንደንና ስለ ኒው ዮርክ ጋዜጦች 30 ገጽ ያህል ተጽፏል፤ የውጭ አገር ሊቃውንት ስም በየመሥመሩ ተደርድሯል፤ ስለ አገራችን ጋዜጣ የሚናገረው ክፍል ግን ከ5 ገጽ አይበልጥም፤ እርሱም የሚጀምረው በቂ ምንጭ ባለመኖሩ ጉዳዩ በስፋት አልተመረመረም በሚል ማመካኛ ነው። «ልጄ፤ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣን ገልጠህ አይተሃልን?» ብዬ ብጠይቀው «የኔታ፤ የት ይገኛል?» ብሎ መልሶ እኔን ጠየቀኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስተምሩትም ይህን ጥያቄ የጠየቀው አንድ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የዚህ ልጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ፤ በቤቴ መክሬው በተመለሰ ነበር። ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ እጄ የገቡትን ሌሎች ጽሑፎች ባይ፤ ያው «ምንጭ የለም» የሚለው ቃል እንደ መልክአ ጸሎት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀዳ አገኘሁት። ተማሪው ከመምህሩ ይሰማዋል፤ መምህሩም ተማሪ ሳለ ሰምቶት ነበር፤ ማንም ግን ሄዶ አላየም። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ይህን ቃል ነው። ምንጭ የለም ማለትና ወደ ምንጩ የሚመራ የለም ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ነው። ፊተኛው ሐሰት ነው፤ ኋለኛው እውነት ነው፤ እውነት በመሆኑም ያሳፍረናል።

በቅኔ ቤት የተማረ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ተማሪው በመንደሩ መምህር ባያገኝ «መምህር የለም» ብሎ አይቀመጥም፤ አኩፋዳውን አንግቶ፤ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዞ፤ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄዳል እንጂ። ከደረሰም በኋላ አንድ ነገር ቢናገር «ይህን ከማን ተቀበልህ?» ተብሎ ይጠየቃል። የመምህሩን ስም፤ የመምህሩንም መምህር ስም መጥራት ያልቻለ ሰው ቃሉ አይጸናለትም። ዛሬ በእንግሊዝኛ ምንጭን መጥቀስ እያሉ እንደ አዲስ ጥበብ የሚያስተምሩት ነገር ይህ ነው። እኛ ስሙን ባናውቀው ሥራውን እናውቀው ነበር።

ከማን ተቀበልህ የሚለው ጥያቄ ሲቀር የሚመጣውን ጉዳት ለማሳየት የአእምሮን ጋዜጣ ነገር እንመልከት። ይህ ጋዜጣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንድርያስ ካቫድያ በሚባል የግሪክ ነጋዴ እንደ ተጀመረ፤ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በሳምንት 24 ያህል ቅጂ ብቻ ለቤተ መንግሥትና ለመኳንንት ይደርስ እንደ ነበረ፤ ስሙንም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እንዳወጡለት በመጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። ይህን ሁሉም ይስማማበታል። መቼ ተጀመረ ብለን ስንጠይቅ ግን አንዱ መጽሐፍ በ1895 ዓ.ም. ገደማ ይላል፤ ሌላው ወደ 1900 ዓ.ም. አውርዶ ያመጣዋል። በመካከላቸው አምስት ዓመት አለ። አምስት ዓመት በአንድ ሕዝብ የጋዜጣ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ቀላል ነገር ነውን? ነገሥታቱን በተመለከተ እንዲህ ያለ ስሕተት ቢገኝ ስንት ጉባኤ በተደረገበት! ስለ ጋዜጣው ግን ያንዱን መጽሐፍ የያዘ ተማሪ አንዱን ይጽፋል፤ የሌላውን የያዘ ሌላውን ይጽፋል፤ ሁለቱም ይመረቃሉ። በእጅ የተጻፈው ቅጠል የወጣበትና የታተመው ቅጠል የወጣበት ዘመን ተቀላቅሎ ይሆን? ይህን የሚለየው የቀሩትን ቅጠሎች አንድ በአንድ አይቶ፤ ይህ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ይህ የታተመ ነው፤ ይህ እንዲህ ያለ ቀን ተጽፎበታል ብሎ የሚመዘግብ ሰው ነው።

ወደ ዘመዴ ልጅ ጽሑፍ ልመለስ። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1924 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተጀመረ ብሎ ጽፏል። «ከየት አገኘኸው?» ብለው «በ1917 ዓ.ም. እንደ ተጀመረ አንብቤ 7 ጨመርሁበት» አለኝ። ጋዜጣው የተጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ልዩነቱ 7 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን ወዲህ ግን 8 ይሆናል። ስለዚህ የጋዜጣው መጀመሪያ ጃንዋሪ 1 ቀን 1925 ነው፤ አውሮፓውያን ዓመታቸውን በለወጡበት ዕለት ማለት ነው። ቀኑ በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስለኝም። ወጣቱም አንድ ቀን ስቶ አንድ ዓመት ሙሉ ሳተ።

እኔም ይህን ለማጽናት ሌላ መጽሐፍ አላስፈለገኝም፤ ባሕረ ሐሳብ በቂ ነው። 5500ውን ከ1917 ጋር ብንደምር ዓመተ ዓለሙ 7417 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል አንድ ይተርፋልና ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው። የ4ኛውን እጅ 1854ን በ7417 ላይ ብንጨምር 9271 ይመጣል፤ ይህም በ7 ሲገደፍ 3 ይተርፋል። አንድ ቢተርፍ ማክሰኞ፤ ሁለት ቢተርፍ ረቡዕ፤ ሦስት ቢተርፍ ሐሙስ ነውና የዚያ ዓመት መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ዋለ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 23 ቀን 112 ቀን ያልፋል፤ ይኸውም ልክ 16 ሳምንት ነው። እንግዲህ ታኅሣሥ 23 ቀንም ሐሙስ ነው። ብርሃንና ሰላምም ሐሙስ ሐሙስ የሚወጣ ጋዜጣ ነበር። ልጁ ይህን ሲያይ «የኔታ፤ ይህ ሁሉ በኛ ትምህርት ቤት አይሰጥም» አለኝ። አይሰጥም። የአማርኛን ጋዜጣ ታሪክ እመረምራለሁ የሚል ሰው ግን በግዕዝ አኃዝ የተጻፈ ዓመት ማንበብ፤ ዘመነ ማርቆስ ወይም ዘመነ ሉቃስ ተብሎ የተጻፈውን ወደ ቍጥር መመለስ፤ በየመካከሉ የተሰካውን የግዕዝ ቃል መረዳት ካልቻለ በምን ዐይኑ ያነባል? የለንደንን ሊቅ ንድፈ ሐሳብ በቃሉ ቢይዝ ይህን አይተካለትም።

አሁን ምንጩ የት እንደ ሆነ ጥቂት ልናገር፤ ምንጭ የለም ያለ ሰው መልስ ይገባዋልና። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውና ቀድሞ ወመዘክር የሚባለው የብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ። በ1955 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1962 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት፤ ስለ ማተሚያ፤ ስለ ጋዜጦችና ስለ ቤተ መጻሕፍት አጀማመር በኢትዮጵያ ረጅም ጽሑፍ ጽፈዋል፤ መንገድ የጠረገ ሥራ ነው። መሠረት ቸኮል ረታ ስለ አንድ መቶ ዓመት የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ታሪክ በእንግሊዝኛ ያዘጋጁት መጽሐፍ በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታትሟል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም ስለ ቀደሙት የኢትዮጵያ ምሁራን በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተሙትን መጽሐፍ ሲጽፉ የብርሃንና ሰላምን ገጾች ገልጠው ነው፤ እነ ብላታ ደሬሳ አመንቴ በዚያ ጋዜጣ የጻፉት ዛሬ የሚታወቀው እንዲህ ያለ ሰው ተቀምጦ ስላነበበው ነው። ያ ወረቀት ለእርሳቸው ከተገኘ ለኛ ልጅ ስለ ምን ይጠፋል?

በውጭ ቋንቋ የታተመውም አይናቅ። በሐረር አጠገብ የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን ለምጽ የያዛቸውን ሰዎች በሚረዱበት በቅዱስ እንጦንስ ማተሚያ አቁመው ያወጡት የነበረ ጋዜጣ አለ። በአዲስ አበባ በፈረንሳይኛ ከ1913 እስከ 1936 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ኩሪዬ ዴትዮፒ አለ። ሲልቪያ ፓንክረስት በለንደን ከ1936 ጀምረው 20 ዓመት ያዘጋጁት ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ አለ፤ ይህም ጠላት አገራችንን በያዘበት ዘመን ስለ ኢትዮጵያ የሚጮኽ ጋዜጣ ነበር። ወደ ቅርብ ዘመን ስንመጣ የአሜሪካው የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በናይሮቢ ቢሮ ከፍቶ የምሥራቅ አፍሪካን ኅትመት፤ የኢትዮጵያንም ጭምር፤ ሲሰበስብ ኖሯል። በአዲስ አበባ ገበያ ቆሎ የተጠቀለለበት ጋዜጣ በዋሽንግተን ተጠርዞ ተቀምጦ ይሆናል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የራዲዮ ነገር ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲ ከ1939 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የሌላውን አገር ራዲዮ እያዳመጠ፤ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጐመ፤ በየቀኑ የሚያወጣው መዝገብ ነበረው፤ የአዲስ አበባም ራዲዮ ከሚደመጡት አንዱ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሰዎች በተገደሉ ጊዜ ሕዝቡ መርዶውን የሰማው ከራዲዮ ነው። የዚያን ዘመን የራዲዮ ቃል ለመመርመር የሚሻ ተማሪ የድምፁ ክር ቢጠፋበት ትርጉሙን በዚያ መዝገብ ይፈልግ። እንዲሁም በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በመንግሥት የተወረሰውን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ የሚያጠና ሰው የባለቤቱን የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንን ወረቀት በጄኔቫ መጠየቅ አለበት። የገዛ አገሩን ድምፅ በባዕድ ጆሮ መስማት መራራ ነው፤ ነገር ግን ከመደንቈር ይሻላል።

እንግዲህ ምንጩ አለ፤ የተበተነ ነው እንጂ የጠፋ አይደለም። የሌለው ማውጫው ነው። ተማሪ ወደ ቤተ መጻሕፍት ቢገባ ይህ ጋዜጣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን አለ፤ ይህ ቍጥር ጐድሏል፤ ስለ ትምህርት የተጻፈው በዚህ ገጽ ነው፤ ጸሐፊውም እገሌ ነው ብሎ የሚመራው መዝገብ አያገኝም። አንድ ደብዳቤ ለማግኘት የአሥር ዓመት ጥራዝ ቅጠል በቅጠል መግለጥ ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ሥራ ያስፈራዋል፤ ያስፈራውንም ነገር የለም ይለዋል።

ማውጫ መሥራት ለኛ እንግዳ ነገር ቢሆን ኖሮ ይቅርታ በተደረገልን። ነገር ግን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ካታሎግ ገና በ1904 ዓ.ም. አሳትመውት ነበር፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ገና አስፍተው አወጡት። ኮምፒዩተር አልነበራቸውም፤ የውጭ እርዳታም አልጠበቁም። እርሳቸውም እንደኛ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጡ ሰው ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ ደግሞ በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተጀመረው ሥራ ከ9000 በላይ የብራና መጻሕፍት በየገዳሙና በየደብሩ በማይክሮፊልም ተነሥተው፤ ቅጂያቸው በአሜሪካ በሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ተቀምጧል፤ ማውጫቸውንም በመጀመሪያ ዊልያም ማኮምበር፤ ኋላም በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በብዙ ቅጽ አዘጋጅተውታል። ዛሬ አንድ ሰው ስለ አንድ ድርሳን ቢጠይቅ ቍጥሩን ጠርተው ያመለክቱታል።

ይህ ለብራናው ተደርጓል። ለጋዜጣው ግን አልተደረገም። ነገሩ ግን ይልቁን የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት! ብራና የፍየል ቆዳ ነው፤ ከእሳትና ከውኃ ከዳነ አምስት መቶ ዓመት ይቆያል። የጋዜጣ ወረቀት ግን ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ነው፤ በውስጡ የቀረው የእንጨት ሙጫና ኮምጣጣው ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኘው ወረቀቱን እያቃጠለ ያበጫዋል፤ በመጨረሻም በእጅ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። ይህም በጥቂት ዓሥርት ዓመታት ውስጥ የሚሆን ነው። የሚቆየውን ስንጠብቅ የማይቆየውን ጣልነው። እኔ ራሴ ከዚህ ወቀሳ አላመልጥም። በወጣትነቴ ጋዜጣ የሚያነብ ደቀ መዝሙር ሲያጋጥመኝ «መጽሐፍ አጥተህ ነው?» እያልሁ አላግጥ ነበር። የብራናው ሰዎች ጋዜጣን እንደ መጽሐፍ ሳንቈጥረው ኖርን፤ የጋዜጣው ሰዎችም ራሳቸው ትናንት የጻፉትን እንደ ትናንት እንጀራ ቈጠሩት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንደ ተባለው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አንድ የገጠር ደብር ለበዓል ሄጄ ያደርሁበት ቤት ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ በላዩ ጋዜጣ ተለጥፎበት ነበር፤ ብዙ ሰው ይህን ያውቀዋል። ማታ በኩራዝ ብርሃን ከራስጌዬ ያለውን ባነብ የአዲስ ዘመን ገጽ ሆኖ አገኘሁት። ግማሹ በጢስ ጠቁሯል፤ የቀረው ግን ይነበባል፤ ስለ አንድ ድልድይ መመረቅ የሚናገር ነበር። ባለቤቲቱን «እናቴ፤ ይህን ማን ለጠፈው?» ብላቸው «ባለቤቴ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር፤ ነፋስ እንዳይገባ ብለው» አሉኝ። እርሳቸውን አልወቅስም፤ እንዲያውም እስከዚያ ቀን ያቆዩት እርሳቸው ናቸው። በከተማ ደግሞ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ ቤተ መጻሕፍት የጠየቅሁትን ጥራዝ ብዙ ደጅ ጠንቼ ባገኘው፤ የምፈልገው ጽሑፍ ያለበት ገጽ በምላጭ ተቈርጦ ተወስዷል። የገጠሯ እናት ግድግዳዋን ሸፈነችበት፤ ይህ የተማረ ሰው ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን አንባቢ ሁሉ ዘረፈ።

ይህን ስናገር የሚቃወሙኝ አሉ። ከእነርሱ ብርቱው «ጋዜጣ የመንግሥት አፍ ነው፤ ይዋሻል፤ ውሸት እንዴት ምንጭ ይሆናል?» የሚለው ነው። ይህን ለታሪክ ጸሐፊ ቢሉት በከፊል ልክ ነው፤ ድልድዩ በእውነት ተሠርቶ እንደ ሆነ ሌላ ምስክር ይሻልና። ለጋዜጠኝነት ተመራማሪ ግን እንዲህ ማለት ሐኪምን በሽተኛ አታይ እንደ ማለት ነው። እርሱ የሚመረምረው ራሱን ጋዜጣውን አይደለምን? ምን ተናገረ፤ ምን ደበቀ፤ በምን ቃል ሸፈነ የሚለው ትምህርቱ ነው። ኢጣልያ አዲስ አበባን ይዛ ሳለች የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ ታወጣ ነበር። ስሙን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ቢሆንም አንብቡት እላለሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሕዝባችን ካለቀ በኋላ በነበሩት ዓመታት ለተረፈው ሰው በራሱ ቋንቋ ምን እየተባለ ይነገረው እንደ ነበር ከዚያ በቀር የት ይገኛል? አማርኛውን የጻፈው እጅ የማን እንደ ሆነ፤ ቃሉስ ከየት ጉባኤ እንደ ተቀዳ፤ ቅኔ የሚያውቅ ሰው ከሰዋስው ብዙ ነገር ያነባል። የባለሥልጣን ምርመራ በበረታበት ዘመን ሁሉ ደግሞ ጸሐፊው ወርቁን በሰም ሸፍኖ ማለፉ የታወቀ ነው። ሰሙን ብቻ አንብቦ «ውዳሴ ብቻ ነው» ብሎ የሚዘጋ ተመራማሪ የተሞኘው እርሱ ነው።

ሌሎቹ «ጠላት ዘርፎ ወሰደው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ብዙ ወረቀት ሄዷል። ነገር ግን በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኢጣልያ በፈረመችው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጽ ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራና የሃይማኖት ዕቃ ብቻ ሳይሆን መዛግብትንም ጭምር በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ተጽፏል። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ሲመለስ ሁላችንም ደስ አለን፤ ስለ ሐውልቱ የተሰማው ጩኸት ግን ስለ ወረቀቱ ያን ያህል አልተሰማም። ድንጋዩ ከሩቅ ይታያል፤ ወረቀት ግን ዝርዝሩን የያዘ ሰው ካልጠየቀው አይታይም። የጐደለብንን በቍጥር የማናውቅ ሰዎች ምን ብለን እንጠይቃለን?

«ሁሉም በኢንተርኔት ይገኛል» ለሚሉት ብዙ አልመልስም። ማንም ያላስገባው ነገር ከዚያ አይወጣም።

የሚያስፈራኝ ግን የሩቁ ዘመን ብቻ አይደለም። የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቍጥር 34 በ1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ ክረምት ሣር በቀለ። ማታ ተጽፎ ጥዋት የሚሸጥ፤ ሦስት ቍጥር ወጥቶ የሚሞት፤ አዘጋጁ የሚታሰርበት፤ ስሙን ለውጦ የሚመለስ ጋዜጣ ነበረ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙዎቹ ተዘጉ። የታተመ ሁሉ ቅጂው ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት እንዲገባ ሕግ አለ፤ በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 179 ስለዚሁ ይናገራል። ነገር ግን ለቤት ኪራይ የተቸገረ፤ ነገ የሚታሰር አዘጋጅ ቅጂ አስገብቶ ይሆን አላስገባም ይሆን ማን ተከታትሎታል? እነዚያን ጋዜጦች ዛሬ የያዙት በየቤታቸው አልጋ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ያስቀመጡ አዘጋጆችና አዟሪዎች፤ ወይም መበለቶቻቸው ናቸው። እነርሱ ሲያልፉ ልጆቻቸው ቤት ያጸዳሉ። የብርሃንና ሰላም ወረቀት አርጅቶ ነው የሚሰበረው፤ ይህ ግን ገና ሳያረጅ ለመጠቅለያ በኪሎ ይሸጣል።

«ገንዘብ የለም» የሚለውን ተቃውሞ በቍጥር እንየው። ብርሃንና ሰላም ከ1917 ዓ.ም. እስከ ጠላት መግባት እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ በየሳምንቱ ሳይቋረጥ ቢወጣ እንኳ ቍጥሩ ከ600 አይበልጥም። አንድ ተማሪ የአንድ ዓመት ጥራዝ፤ ማለት 52 ቍጥር ቢወስድ፤ በሳምንት አንድ ጋዜጣ አንብቦ የጸሐፊውን ስም፤ የነገሩን አርእስትና ገጹን ቢመዘግብ፤ 12 ተማሪዎች በአንድ ዓመት ይጨርሱታል። ለዚህ የሚያስፈልገው እርሳስ፤ ደብተርና ለመግባት የሚፈቅድ ደብዳቤ ነው። በየዩኒቨርስቲው የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል በተከፈተበት በዚህ ዘመን 12 ተማሪ ጠፋ ይባላልን?

ይህንኑ ሐሳብ ለዘመዴ ልጅ መከርሁት። እርሱም የ1919ኙን ዓመት ጥራዝ ማውጫ ለመመረቂያ ሥራው እንዲያደርግለት መምህሮቹን ለመነ። የሰጡት መልስ «ማውጫ ማዘጋጀት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሥራ ነው እንጂ ምርምር አይደለም» የሚል ነው። የፊተኛው አርእስት ጸናና በዚያው ተመረቀ፤ ስለ ለንደንና ስለ ኒው ዮርክ የጻፈው 30 ገጽም ተመሰገነለት።

የኅሩይ ካታሎግ ምርምር ካልሆነ፤ የጌታቸው ኃይሌ የዕድሜ ልክ ድካም ምርምር ካልሆነ፤ ምርምር ማለት ምን እንደ ሆነ እነዚያ መምህራን በዚህ ገጽ ላይ ጽፈው ያስረዱን። አዘጋጁ ቦታ እንደማይነፍጋቸው አምናለሁ። ልጁ ግን ከተመረቀም በኋላ አልተወውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የ1919ኙን ዓመት ገጾች በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፤ ማንበብ ያቃተውን ቃል በደብተሩ ጽፎ ወደ እኔ ይመጣል። እስካሁን እስከ የካቲት ወር ደርሰናል። መጋቢት ላይ ሁለት ቍጥር ጐድሏልና፤ ከአንባብያን መካከል በቤቱ ያለው ቢኖር በዚህ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል በኩል ቢያሳየን ገልብጠን ወዲያው እንመልሳለን።